«ካራሜላ ገዝቼ መጣሁ» ሳትሉ፦ ልጅን ከመዋለ ሕፃናት ጋር እንዴት ማላመድ ይቻላል?

መስከረም ላይ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ መዋለ ሕፃናት በር ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቦርሳው ከጀርባው የሚሰፋ ልጅ የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ ይጮኻል። ሚስ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። ከዚያ እናት ያቺን የተለመደች ነገር ትላለች፦ «ቆይ፣ ካራሜላ ገዝቼ መጣሁ።» ልጁ ዞር ሲል እናት የለችም።

እኔም በመጀመሪያ ልጄ ላይ አድርጌዋለሁ። ሦስት ዓመት ተኩሏ ነበር። ተገላገልኩ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር። ምን እንዳስተማርኳት ያኔ ገባኝ፦ እማዬ ድንገት ትጠፋለች። ሁለተኛው ልጄ ሲደርስ ሌላ መንገድ ያዝኩ። እሱን ልንገራችሁ።

1. ነሐሴ ላይ በእንቅልፍ ጀምሩ

ክረምቱን ሙሉ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሲጫወት የከረመ ልጅ በአንድ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ በደህና ይውላል ማለት ዘበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀኑ እንቅልፍም ይቆጠራል። ቲቪና ስልክ ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየሁለት ቀኑ መኝታውን 15 ደቂቃ አስቀድሙት። ሳያስቸግራችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ታተርፋላችሁ።

2. ምሳ ዕቃውን ራሱ ይክፈት

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ምሳውን እንዳለ ይዞት መጣ። «አልራበህም?» አልኩት። «እምቢ አለኝ» አለ። ክዳኑን ማለቱ ነው። ጠንካራ ነበር፤ ሚስን «ክፈቺልኝ» ማለትም አልቻለበትም። የዚያኑ ቀን ማታ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ላላ ያለውን ሌላ ምሳ ዕቃ ስንከፍትና ስንዘጋ አመሸን። በማግስቱ ባዶውን አመጣው።

ሱሪውም ቁልፍና ቀበቶ የሌለው፣ ላስቲክ ያለው ይሁን። «ሽንቴ መጣ» የሚለውን ለማያውቀው ሰው ጮክ ብሎ መናገር ቤት ውስጥ ይለማመድ።

3. ሚስን ማስፈራሪያ አታድርጓት

«ቆይ፣ ትምህርት ቤት ትገባ የለ፣ ሚስ ታሳይሃለች!» ስንቴ ብለነዋል? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሰማውን እንደወረደ ነው የሚያምነው። አያ ጅቦን እንደሚፈራው ሚስንም ፈርቶ ይሄዳል። ከዚያ ለምን አለቀሰ እንላለን።

4. መለያየትን በትንሽ በትንሹ አለማምዱት

አክስቱ ጋ ወይም ጎረቤት ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ተዉት። ስትወጡ ንገሩት። ባላችሁት ጊዜ ተመለሱ። ሰዓት ግን በቁጥር አትንገሩት፤ ለሦስት ዓመት ልጅ «9 ሰዓት» ምንም ማለት አይደለም። በሚያውቀው ነገር ንገሩት፦ «ምሳህን በልተህ፣ ትንሽ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ።»

5. በሩ ላይ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። በሰርቪስ የሚሄድ ከሆነም ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ራሳችሁ አድርሱት።

በርከክ በሉና ፊቱን እያያችሁ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር በሉት። የእኔ ይሄ ነበር፦ ሁለት ጉንጩን፣ ከዚያ ግንባሩን እስመዋለሁ፤ «ደህና ዋል የኔ ጌታ፣ ከእንቅልፍህ ስትነሣ እመጣለሁ» እለዋለሁ። ከአሮጌ ነጠላዬ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቀድጄ ኪሱ ከትቼለት ነበር። የእኔን ጠረን ይዛለች። ማታ አመድ መስላ ትመለሳለች፣ ግን ትመለሳለች። ከዚያ ለሚስ እጁን ሰጥታችሁ ሂዱ። ሁሉም ከአንድ ደቂቃ አይለፍ።

ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት። «አውቃለሁ፣ ከበደህ» በሉት፤ ይበቃዋል። በመስኮት ተመልሳችሁ አታጮልቁ፤ ካያችሁ እንደ አዲስ ይጀምራል። አንጀታችሁ ካልቻለ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሚስ ጋ ደውሉ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሦስት ዓመት ልጅ ከሚደርስባቸው የዕድገት ምልክቶች አንዱ አድርጎ የቆጠረው ይህንኑ ነው፦ ወላጁ ትቶት ከሄደ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ መረጋጋት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ሊረዝሙ ይችላሉ።

6. ስትወስዱት

በሰዓቱ ድረሱ። ጓደኞቹ ሁሉ ሄደው ብቻውን የቀረ ልጅ የነገውን ጠዋት ያከብድባችኋል። ቤት ሲገባ ካልሲዬን ለምን አወለቅሽ ብሎ መሬት ላይ ቢንከባለል አትደንግጡ። ቀኑን ሙሉ አፍኖ የያዘውን የሚያፈሰው የሚያምነው ሰው ጋ ነው። ቁርጥራጭ ሙዝ ስጡት፣ ዝም ብላችሁ እቀፉት። «ምን ተማርክ?» ይቆይ። በኋላ «ማን አጠገብ ተቀመጥክ?» ብትሉት ወሬው ራሱ ይመጣል።

7. ለምዶ ሲመለስበት

ሰኞ ሰኞ፣ ከገና እረፍት በኋላ ወይም ቤት ውስጥ ሕፃን ሲወለድ ለቅሶው ይመለሳል። ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናትም ሊጀምር ይችላል። በሰው ፊት አታንሱበት። በሩ ላይ የምትሉትን ሳትቀይሩ ቀጥሉ።

ለምዶ የነበረ ልጅ ድንገት በሩን ሲያይ የሚንቀጠቀጥ፣ ምግብ የሚተው፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «እገሌ መታህ?» ብላችሁ መልስ አታቀብሉት፤ «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ጠብቁ። ሰውነቱን ስታጥቡት እዩ። ሚስንም ዳይሬክተሩንም አነጋግሩ። ሦስት ዓመት ሞልቶት ንግግሩ ለሌላ ሰው ብዙውን ጊዜ የማይገባ፣ ወይም ልጆች ሲጫወቱ ልብ የማይል ከሆነም የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ጆሮውንም አስመርምሩለት። ሲያድግ ይተወዋል ብላችሁ ዓመት አታሳልፉ።