ከታካሚ ደም ወደ ነርቭ ሴል፦ ባሕር ዳር ላይ ለሚሠራ ላቦራቶሪ

ለምርምር ብለን ከሕያው ሰው አንጎል አንቆርጥም። ደም ግን እንቀዳለን። ከደሙ የወጣው ሴል ወደ ስቴም ሴልነት (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ወደሚችል ሴል) ይመለሳል፤ ከዚያም የታካሚውን የዘር ውርስ እንደያዘ ነርቭ ይሆናል፤ የሚጥል በሽታን የምናጠናው በዚህ ነርቭ ላይ ነው። መንገዱን የከፈተው ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ላይ አራት ጂኖችን ጨምሮ አሳየ። አስቸጋሪው ግን በሳህኑ ላይ የሚታየው ልዩነት ከበሽታው የመጣ እንጂ ከእኛ አያያዝ የመጣ አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው።

መጀመሪያ ታካሚው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሕመሙ ከወሊድ ጉዳት፣ ከማጅራት ገትር ወይም ከጭንቅላት አደጋ ከመጣ፣ ከደም በሚወጣው ሴል ውስጥ አሻራው የለም። የታወቀ የጂን ለውጥ ያለበትን ምረጡ፤ በሕፃንነት የሚጀምረው ከባድ የሚጥል በሽታ፣ ድራቬት ሲንድሮም፣ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አብዛኛው የሚመጣው ከኤስሲኤን1ኤ ጂን ጉድለት ነው። ለወላጆች በአማርኛ፣ በግልጽ ንገሯቸው፦ ከዚህ ደም ለልጃቸው መድኃኒትም ውጤትም አይመጣም፤ ሴሉ ግን ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ይህን ሳይረዱ የፈረሙት ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

ከአዋቂ 10 ሚሊ ሊትር በሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መድኃኒት) ቲዩብ ይበቃል፤ ከሕፃን ሐኪሙ የፈቀደውን ብቻ። በረዶ ላይ አታድርጉት። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይቆይ፤ በሚያዝያ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ይህ ስለማይገኝ በረዶ የሌለበት ወፍራም የማቀዝቀዣ ሳጥን ያዙ። በ8 ሰዓት ውስጥ ብትለዩት መልካም ነው። አንድ ቀን ያደረ ደም ውስጥ የማንፈልጋቸው ነጭ የደም ሴሎች እፍጋታቸው ይለወጥና ከምንፈልጋቸው ጋር ይቀላቀላሉ።

ደሙን በእኩል ፒቢኤስ (ለሴል የሚስማማ የጨው ውሃ) አቅጥኑ። በ50 ሚሊ ሊትር ቲዩብ 15 ሚሊ ሊትር ፊኮል (ሴሎችን በእፍጋታቸው የሚለይ ፈሳሽ) ጨምሩና ደሙን በቲዩቡ ግድግዳ ቀስ አድርጋችሁ ላዩ ላይ አስተኙት። ፊኮሉ ከፍሪጅ እንደወጣ አይሁን፤ እፍጋቱ 1.077 የሚሆነው 20 ዲግሪ ላይ ነው። በሴንትሪፊዩጅ በ400 ጂ (ከመሬት ስበት 400 እጥፍ) ለ30 ደቂቃ አዙሩ፤ በደቂቃ ዙር ሳይሆን በጂ ቁጠሩ፤ ፍሬኑንም አጥፉ፤ ካልጠፋ ንብርብሩ ይናጣል። መሀል ላይ ያለውን ነጭ ቀለበት፣ የምንፈልጋቸውን ሴሎች፣ ቅዱና ሁለቴ እጠቡ፤ ሁለተኛውን በ200 ጂ፣ ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ትንሽ የደም ክፍል) እንዲቀር። ከ1 ሚሊ ሊትር ደም ወደ 1 ሚሊዮን ሴል ይጠበቃል። 5 ሚሊዮኑን በአንድ ብልቃጥ፣ በ90 በመቶ ሴረምና በ10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴልን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ) አቀዝቅዙ፤ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየወረደ። ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሴል ይጎዳል፤ ከጨመራችሁ በኋላ አትዘግዩ። በማግስቱ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን አዛውሩ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያድነው እሱ ነው። የናይትሮጅን ጋን አያያዝ ከከብት አዳቃዮች መማር ይቻላል፤ ከእነሱ በላይ የለመደው የለም።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብላለች፤ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። የሴል ምግቡን (ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ) አሲድነት የሚወስነው ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት እንጂ በመቶኛው አይደለም። መመሪያው 5 በመቶ ሲል ለባሕር ጠለል ነው፤ እዚህ ወደ 6.2 በመቶ ያስፈልጋል። 5 ላይ ከተዋችሁት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 7.4 መሆን የነበረበት ወደ 7.5 ይወጣል፤ ምግቡም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፤ ስቴም ሴል ይህን አይወድም። አንዳንድ ኢንኩቤተር (ሴል የሚያድግበት ሳጥን) ግን የከፍታ ማስተካከያ አለው፤ ሁለቴ እንዳታርሙ መጀመሪያ እዩ። ሴል የሌለበት ምግብ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድራችሁ እንዳወጣችሁ ወዲያው ፒኤች ለኩ፤ ማሽኑን ከማመን ይሻላል። ኦቶክሌቩንም (ዕቃ በእንፋሎት የሚያጸዳውን ማሽን) በግፊት ሳይሆን በ121 ዲግሪ ንባብ ተቆጣጠሩ።

መልሶ ወደ ስቴም ሴል ማዞሩ አራቱን ጂኖች ወደ ሴሉ በሚያደርሰው በሴንዳይ ቫይረስ ይሠራል፤ የስቴም ሴል ስብስቦቹ (ኮሎኒዎቹ) ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይወጣሉ። ሴሉን ወደ አዲስ ሳህን 10 ዙር ካዛወራችሁ በኋላ ቫይረሱ መጥፋቱን፣ ክሮሞሶሙ ጤናማ መሆኑን (የ20ኛው ክሮሞሶም ክፍል መጨመር ይደጋገማል) እና ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ አለመኖሩን መርምሩ።

ነርቭ ስታደርጉ ዓይነቱን አስቡ። ስቴም ሴልን ወደ ነርቭ የሚለውጠው ኤንጂኤን2 ጂን ፈጣን ነው፤ የሚሰጠው ግን ቀስቃሽ ነርቭ ነው። በድራቬት በዋናነት የሚጎዳው አረጋጊው ነው፤ ለእሱ ኤኤስሲኤል1 እና ዲኤልኤክስ2 የተባሉት ጂኖች ይሻላሉ። በተሳሳተው ነርቭ ላይ ምንም አላየንም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ሌላ ገደብ፦ ሴሉ ወደ ስቴም ሴል ሲመለስ ዕድሜው ይሰረዛል፤ በእርጅና የሚመጣን በሽታ ማየት ይከብዳል።

ማነጻጸሪያው ጉድለቱ በክሪስፐር (ጂን በሚያርም ዘዴ) የተስተካከለ የዚያው ታካሚ ሴል ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ጤነኛ ወንድም ወይም እኅት። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ባች ምግብ፣ በአንድ ኢንኩቤተር ይደጉ፤ የትኛው የታካሚው እንደሆነ ሳታውቁ እንድትለኩ፣ የሳህኖቹን መለያ ቁጥር የሚሰጥ ሌላ ሰው ይሁን። ሥራውን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከስቴም ሴሉ ጀምራችሁ ድገሙ። በአንድ ሳህን ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች አንድ እንጂ ሦስት አይቆጠሩም።