የክሊኒካል ወረቀት፦ የመግቢያ ደብዳቤው የደረሳችሁ ዕለት ጀምሩት

ነርሲንግ ትምህርት ቤት ለመግባት ስንት ልፋት እንዳለው አውቃለሁ። ቀን ክፍል፣ ማታ የአረጋውያን ቤት ሥራ፣ መሀል ላይ የመግቢያ ፈተና። ያን ሁሉ አልፎ የመጣ ልጅ በአንድ የጎደለ ወረቀት ክሊኒካል፣ ማለትም የሆስፒታል ልምምድ፣ ሲቀርበት ማየት ያንገበግባል። እኔም ደርሶብኛል።

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በዲቪ መጥቼ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። በየዓመቱ ሰመር ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ይደውሉልኛል። "ሲስተር፣ ተቀበሉኝ! ግን ይህን ሁሉ ወረቀት ከየት ነው የማመጣው?" ለሁሉም የምነግረው አንድ ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይግባችሁ። ወረቀቱን የሚፈልገው ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ውል አላቸው፤ በውሉ መሠረት ሁሉ ነገር ያልተሟላለት ተማሪ በሽተኛ አጠገብ አይቆምም። ስለዚህ አስተማሪን መለመን ጥቅም የለውም። ቢያዝኑላችሁም እጃቸው ላይ የለም። የክሊኒካል ሰዓት ደግሞ የሚቆጠር ነው፤ ቀን ከጎደለ ኮርሱ ሊወድቅ ይችላል።

ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። በብዛት የሚጠየቀው ግን ይኸው ነው፦ የቲቢ ምርመራ፣ የኤምኤምአር፣ የጉድፍ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የቲዳፕና የፍሉ ክትባት ማስረጃ፣ የሐኪም ምርመራ፣ ቢኤልኤስ (ልቡ የቆመን ሰው የማዳን ሥልጠና)፣ የወንጀል ማጣሪያ፣ የሽንት የድራግ ምርመራ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የኤን95 ማስክ ልኬት። ይህን ሁሉ እንደ ካስትል ብራንች ባለ ድረ ገጽ ላይ ትጭናላችሁ።

ከዚህ ውስጥ ብር ከፍላችሁ በአንድ ቀን የምትጨርሱት አለ። ብር ብትከፍሉም የማይፋጠን ደግሞ አለ። የማይፋጠነው ደማችሁ ውስጥ ያለው፣ ማለትም ክትባቱና የደም ምርመራው ነው። ከእሱ ጀምሩ።

የድሮ ካርዳችሁን ፈልጉ

"የልጅነት የክትባት ካርዴ አገር ቤት ቀርቷል" ትሉኛላችሁ። የማን አልቀረም! ግን በዲቪ ወይም በቤተሰብ ቪዛ የመጣችሁ ከሆነ ለቪዛው የሕክምና ምርመራ ስታደርጉ ክትባት ተሰጥቷችኋል። ዲኤስ-3025 በሚባል ቅጽ ላይም ተመዝግቧል። የአንድ ልጅ ቅጽ ሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ፣ ከራጁ ጋር ተጣጥፎ ተገኝቷል። እናቱ ናት ያስቀመጠችው። ያ አንድ ወረቀት ሁለት ሦስት መርፌ አዳነው። እዚህ ከመጣችሁ በኋላ የተከተባችሁትን ደግሞ የስቴቱ መዝገብ ላይ ፈልጉ። የሜሪላንዱ ኢሚዩኔት ይባላል።

ምንም ካጣችሁ ታይተር ይሠራላችኋል። ደማችሁ ውስጥ መከላከያው መኖሩን የሚለካ ምርመራ ነው። ኢንሹራንስ ለትምህርት ቤት ነው ብሎ አልከፍልም ሊል ስለሚችል ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንስ የሌላችሁ የካውንቲውን ጤና ቢሮ ጠይቁ።

ከኤምኤምአር ውስጥ አገር ቤት በልጅነት የተከተብነው የኩፍኝ ብቻ ነው። ኤምኤምአር ግን ጆሮ ደግፍንና ሩቤላንም ይጨምራል። ስለዚህ ኩፍኙ ጥሩ ሆኖ ጆሮ ደግፉ ቢጎድል አትደንግጡ። ሁለት መርፌ ነው፤ በመሀላቸው ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል። የጉድፉም ሁለት ነው፤ እሱም ቢያንስ የ4 ሳምንት ልዩነት አለው። ሁለቱም ሕይወት ያለው ክትባት ስለሆኑ እርጉዝ ሴት አትወስዳቸውም። የጠረጠራችሁ ካላችሁ ከመርፌው በፊት ተናገሩ፤ አፍራችሁ ዝም እንዳትሉ።

ቲዳፕ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዲፍቴሪያና የትክትክ ነው፤ በ10 ዓመት ይታደሳል። ፋርማሲ ገብታችሁ በአሥር ደቂቃ ትወጣላችሁ።

ቲቢ፦ የቆዳውን ሳይሆን የደሙን ጠይቁ

እኔን ያሰናከለኝ ይህ ነው። ክሊኒኩ የቆዳውን ምርመራ፣ ፒፒዲ የሚሉትን፣ ክንዴ ላይ ወጋኝ። በሁለተኛው ቀን ቀልቶ አበጠ። ስዳብሰው የተጠበሰ ባቄላ ቆዳዬ ሥር የገባ ይመስል ነበር። ነርሷ በማስመሪያ ለካችው፤ 16 ሚሊ ሜትር። "ፖዘቲቭ" ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምንም አላለችኝም።

ቤት ገብቼ ለማንም አልተነፈስኩም። ሰሃኔንና ብርጭቆዬን ከእህቴ ለየሁ። ቡና ስታፈላ ራሴን አሞኛል ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንኩ። እህቴ ሰሃኑን አይታ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት እሷ ናት ሐኪም ጋ ይዛኝ የሄደችው።

ሐኪሙ እጅጌዬን ከፍ አድርጎ ክንዴ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አየ። "ቢሲጂ ተከትበሻል" አለኝ። አገር ቤት ለሕፃን የሚሰጠው የቲቢ ክትባት ነው፤ ብዙዎቻችን ጠባሳው አለን። ይህ ክትባት የቆዳውን ምርመራ ሊያሳስተው ይችላል። የደም ምርመራውን፣ ኳንቲፌሮን የሚባለውን ግን አያሳስተውም። ደሜ ተመረመረ፤ ነጻ ሆነ። ራጁም ንጹህ ነበር። ውጤቱ እስኪመጣ ግን ሁለት የክሊኒካል ቀን አልፎኝ ነበር። ያንን ለማካካስ የሴሚስተሩን መጨረሻ ሁለት ቅዳሜ ከፈልኩበት።

ስለዚህ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማችሁ "ቢሲጂ ተከትቤያለሁ፤ የደሙን ምርመራ ነው የምፈልገው" በሉ። የቆዳው አሰልቺም ነው፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት ሁለት ዙር ይፈልጋል። መወጋት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ማስነበብ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንደገና መወጋት። የደሙ አንድ ጊዜ ሄዶ መቀዳት ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ኤምኤምአር ወይም ጉድፍ ከተከተባችሁ በኋላ የቲቢ ምርመራ ለማድረግ ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ አለባችሁ፤ ክትባቱ ውጤቱን ለጊዜው ሊደብቀው ይችላል። ቲቢውን አስቀድሙ፣ ወይም ሁለቱንም በአንድ ቀን አድርጉ። ይህን ሳያውቁ ወር ሙሉ ያጡ ልጆች አሉ።

ደሙም ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ራጅ ትነሣላችሁ። ራጁ ንጹህ ከሆነና ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ከሌላችሁ የተኛ ቲቢ ነው ማለት ነው። የተኛ ቲቢ አይተላለፍም። ሰሃን አትለዩ። ሐኪሙ መድኃኒት ያዝላችሁ ይሆናል፤ ለምሳሌ ሪፋምፒን ለ4 ወር። ሽንታችሁን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ አትደንግጡ። የወሊድ መከላከያ እንክብልንም ሥራ ያሳጣል፤ ይህን ብዙ ሰው አይነገረውም። የራጁንና የሐኪሙን ደብዳቤ አስገብታችሁ መድኃኒቱን እየዋጣችሁ ክሊኒካል ትገባላችሁ።

ሄፓታይተስ ቢ

ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። ሄፓታይተስ ቢ፣ የጉበት ቫይረስ የምንለው፣ አገራችን በስፋት አለ። በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን በልጅነት አልተከተብንም፤ ቫይረሱ እንዳለበት የማያውቅም ሰው ሞልቷል።

የተለመደው ክትባት ሦስት መርፌ ሆኖ 6 ወር ይፈጃል። ሄፕሊሳቭ የሚባለው ግን ሁለት መርፌ ነው፣ በአንድ ወር ልዩነት። ጊዜ ካጠራችሁ እሱን ጠይቁ። ካለቀ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ታይተር ይሠራል፤ ውጤቱ 10 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። "አለው" ወይም "የለውም" ብቻ የሚለውን ሳይሆን ቁጥሩ የተጻፈበትን ውጤት ጠይቁ፤ ድረ ገጹ አንዳንዴ ቁጥር የሌለውን ይመልሰዋል።

አንድ ልጅ ነበር። ለወረቀቱ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኘበት። ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። በኋላ ሲያነሳ "ሲስተር፣ በቃ አለቀልኝ፤ ኡበር ልንዳ" አለኝ። አላለቀለትም። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) እንደ ፈረንጆች በ2012 ያወጣው መመሪያ ሄፓታይተስ ቢ ብቻውን ሰውን ከሕክምና ትምህርትም ከሥራም እንደማያስወጣ በግልጽ ይናገራል። የጉበት ሐኪም ያዘ፣ ደብዳቤ አስገባ፣ ተማረ። ዛሬ ነርስ ነው። እባካችሁ፣ ይህ ውጤት ቢመጣባችሁ ለብቻችሁ አትያዙት። ትምህርት ቤቱን ከመተዋችሁ በፊት ሐኪም አናግሩ።

ስምና ቀን

የእኛ ወረቀት ከሁሉ የሚመለሰው በስም ነው። ክሊኒኩ በራስና በአባት ስም ይመዘግባል፣ ትምህርት ቤቱ በአያት፤ አንዱ "ጽጌ"ን በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጽፋል። ፓስፖርታችሁ ላይ ወይም ግሪን ካርዳችሁ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ስልካችሁ ውስጥ ጻፉ። በየሄዳችሁበት እሱን አሳዩ። ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ፤ እዚያው ማስተካከል ቀላል ነው፣ ከወር በኋላ ግን መከራ ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ እናታችሁ የምታውቀው ቀን ሌላ ቢሆንም መታወቂያው ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። ቀን ሲጻፍ እዚህ አገር ወሩ እንደሚቀድም አትርሱ።

የቀረው

ቢኤልኤስ ስትማሩ የአሜሪካን ኸርት አሶሲዬሽን ካርድ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ትምህርት ቤት ሌላውን አይቀበልም፤ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚሸጠውን ርካሽ ካርድም አይቀበሉም። አሻንጉሊቱ ላይ እጃችሁን አሳርፋችሁ መፈተን አለባችሁ። ካርዱ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ረዳት ነርስ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ አሠሪያችሁን ጠይቁ፤ ቢኤልኤሱን፣ ፍሉውን፣ ቲቢውን በነጻ ሊያሠሩላችሁ ይችላሉ።

ለሽንት ምርመራ ስትሄዱ ውኃ እየደጋገማችሁ አትጠጡ። ሽንቱ ከቀጠነ ድገሙ ይሏችኋል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ቤታችሁ ካለ አትንኩት፤ እዚህ አገር የታዘዘበት ወረቀት ስለሌላችሁ ማስረዳት አትችሉም። ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ተፈቅዷል፤ ሆስፒታሉ ግን አልፈቀደም።

የኤን95 ልኬት ላይ ጺም አይቻልም፤ ማስኩ ከቆዳ ጋር መግጠም አለበት። በእምነት ምክንያት የማትላጩ ካላችሁ በዕለቱ ሳይሆን አስቀድማችሁ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ። ማተባችሁን ስክራባችሁ (የሆስፒታል የሥራ ልብሳችሁ) ውስጥ አስገቡት። ስክራቡን ደግሞ ሽንኩርት ከሚቁላላበት ቤት አርቃችሁ በዚፕ ቦርሳ አኑሩት፤ የሚያቅለሸልሸው በሽተኛ ትንሽ ሽታም ይረብሸዋል።

የመጀመሪያው ቀን 6:45 ግቡ ካሏችሁ በእኛ ከጠዋቱ 12:45 ነው። ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ ሰዓቱን ያምታታ ልጅ አውቃለሁ። የሁሉንም ወረቀት ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ ዋናውን በፋይል ቦርሳችሁ ውስጥ።

ዐቢይ ጾም ላይ 12 ሰዓት ሙሉ የሚፈጅ ክሊኒካል ሊገጥማችሁ ነው። ከወዲሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። የእኔ አባት "በሽተኛ ይዘሽ ራስሽን እንዳትስቺ" ብለው ሰዓቱን አሳጠሩልኝ። ሽሮዬን በትንሽ ፔርሙስ ይዤ እሄድ ነበር፤ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ላይ አስተማሪዬ ራሷ "ሂጂ ብዪ" ትለኝ ነበር።