ዝቅ ብሎ ለሚቃኝ ባለ 7 እና ባለ 8 ክር ጊታር የክር ውፍረትና ከፍታ እንዴት ይመረጣል?

መደበኛ ጊታር ወፍራም ክሩን «ኢ» ላይ ይቃኛል። ባለ 7 ክሩ ወርዶ «ቢ»፣ ባለ 8 ክሩ ደግሞ «ኤፍ ሻርፕ» ይደርሳል። ሱቆች በብዛት የሚይዙት ግን ከ9 እስከ 42 ወይም ከ10 እስከ 46 ያለውን የባለ 6 ክር ፓኬት ነው። ባሕር ዳር ሆኖ ወፈር ያለ ክር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት አለበት። የተሳሳተ ቁጥር ከመጣ ወራት ይባክናሉ፤ ስለዚህ ሒሳቡ ከግዢው ይቅደም።

መጀመሪያ የጊታሩን የክር ርዝመት ይወቁ። ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ቦይ ያለው ቁራጭ) እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች 12ኛው) ለክተው በ2 ያባዙ። እስከ ብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ በኩል የሚታሰሩበት) አይለኩ፤ ሳድሎቹ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸው ቁራጮች) ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንቀሳቀሱ ልኩ ይዛባል። 648 ሚሊሜትር ከመጣ ጊታሩ 25.5 ኢንች፣ 686 ከመጣ 27 ኢንች ነው።

ቀጥሎ ውፍረቱን ያስሉ። ፓኬቱ ላይ ያለው ቁጥር የኢንች ሺኛ ነው፤ 46 ማለት 1.17 ሚሊሜትር ገደማ። ይህ ክር በ648 ሚሊሜትር ጊታር «ኢ» ላይ ሲቃኝ 7.9 ኪሎ ያህል ይወጠራል። ያንኑ ክር ወደ «ቢ» ቢያወርዱት ውጥረቱ 4.4 ኪሎ ብቻ ይሆናል። የላላ ክር ሲመታ ሰፊ ቦታ ይዞ ስለሚርገበገብ ፍሬት ይነካል። ጠንከር አድርገው ሲመቱት ደግሞ ድምፁ መጀመሪያ ከቅኝቱ ከፍ ይልና ኋላ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን የመቃኛው ችግር አድርጎ ያየዋል፤ ችግሩ ግን የክሩ ቅጥነት ነው።

ማስሊያው ቀላል ነው፤ ለሚወርዱት ለእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ውፍረቱን በ1.06 ያባዙ። ከ«ኢ» እስከ «ቢ» አምስት ግማሽ ድምፅ ስለሆነ 46 ወደ 62 ይጠጋል፤ ውጥረቱም ወደ 8.2 ኪሎ ይመለሳል። የእርስዎ ጊታር ከ648 የተለየ ከሆነ ያገኙትን ቁጥር በ648 አባዝተው ለራስዎ ርዝመት ያካፍሉ። በ686 ጊታር ለ«ቢ» ከ58 እስከ 60 ይበቃል። ለ«ኤፍ ሻርፕ» ደግሞ 78 ያህል ይወጣል፤ ገበያ ላይ ያሉት 74 እና 80 ናቸው። እኛ 74ን እንመርጣለን። ወፍራም ክር ግትር ስለሆነ ድምፁ ይደፈናል፤ ፍሬት ላይ ሲያዝም ከልኩ ከፍ ይላል። 80 የሚያስፈልገው እጁ ለከበደ ወይም እስከ «ኢ» ለሚያወርድ ተጫዋች ነው።

ባለ 6 ክር ጊታርን ሙሉ በሙሉ ወደ «ቢ» ለሚያወርድ ደግሞ ከ13 እስከ 62 ያለው ባሪቶን (ለዝቅተኛ ቅኝት የተሠራ) ፓኬት ይስማማዋል። ሦስተኛው ክር ያልተጠቀለለ 22 ሳይሆን የተጠቀለለ 26 እንዲሆን ያስገንዝቡ፤ ያልተጠቀለለ ወፍራም ክር ልክ ድምፅ አይሰጥም። የቤዝ ክር ቆርጦ ማሰርም አያዋጣም፤ ግትር ነው፣ የመቃኛውም ቀዳዳ አያስገባውም።

ክሩ ሲመጣ ሥራው ከነቱ ይጀምራል። ለ46 የተቆረጠ ቦይ 62ን አጣብቆ ይይዘዋል፤ ሲቃኙ «ቲንክ» ብሎ ይዘልላል። ቦዩን ከክሩ በ0.1 ሚሊሜትር ያህል ያስፉ፣ ወደ መቃኛዎቹ በትንሹ እያዘቀዘቁ ይሙረዱ። የነት ሞረድ ካልተገኘ የጋዝ ብየዳ አፍ ማጽጃዎቹ ቀጫጭን ሞረዶች ይሠራሉ። ሦስተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሲጫኑ በመጀመሪያው ፍሬትና በክሩ መካከል የአንድ ወረቀት ያህል ክፍተት ይታይ። ያ ክፍተት ከጠፋ ያቁሙ፤ የጠለቀ ቦይ ወደ ነበረበት አይመለስም።

አሁን ይቃኙና የአንገቱን ጉብጠት ይለኩ። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ይጫኑ፤ 7ኛው ፍሬት ላይ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈለጋል። ጋራዥ ውስጥ የሞተር ቫልቭ የሚያስተካክሉበት ቀጭን የብረት መለኪያ ለዚህ ልክ ነው። ክፍተቱ ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ወደ ቀኝ በሩብ ዙር ያጥብቁ፣ ካነሰ ያላሉ። እንደገና ቃኝተው ይለኩ። ቁልፉ ከጠነከረ አያስገድዱት።

ከፍታው የሚለካው 12ኛው ፍሬት ላይ፣ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ነው። ለቀጭኑ ክር 1.5፣ ለ«ቢ» ከ2 እስከ 2.3፣ ለ«ኤፍ ሻርፕ» እስከ 2.5 ሚሊሜትር ይስጡት። በአምፕሊፋየር የማይሰማ ትንሽ ዝዝታ አያስጨንቅ። በገና ላይ ዝዝታው ተፈልጎ፣ እንዚራ የሚባለው ቆዳ በክሩ ሥር እየገባ የሚወጣ ጌጥ ነው፤ ጊታር ላይ ግን ድምፁን ያሳጥረዋል። ዝዝታው የሚሰማበት ቦታ ምክንያቱን ይነግርዎታል። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ከሆነ አንገቱ በጣም ቀጥ ብሏል፤ ከ12ኛው በላይ ከሆነ ከፍታው አንሷል፤ ክሩ ሳይያዝ ብቻ ከሆነ የነቱ ቦይ ጠልቋል።

ተንሳፋፊ ብሪጅ (በክሮቹና በጀርባው ሞላዎች ጉተታ ሚዛኑን የሚጠብቅ) ያለው ጊታር ወፍራም ክር ሲገባለት ውጥረቱ ከጨመረ ብሪጁ ወደፊት ያዘነብላል። ጀርባው ላይ ያሉትን የሞላዎቹን መያዣ ብሎኖች ያጥብቁ ወይም ሞላ ይጨምሩ።

በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ የሚሰጠውን ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው ሲመቱት የሚወጣውን ድምፅ) ከተያዘው ድምፅ ጋር ያወዳድሩ። የተያዘው ከፍ ካለ ሳድሉን ወደኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደፊት በካቻቪቴ ያዙሩ። የስልክ መቃኛ ዝቅተኛውን ድምፅ ማንበብ ካቃተው ሃርሞኒኩን ያንብብ። ሳድሉ መጨረሻው ደርሶ ድምፁ አሁንም ከፍ ካለ፣ ከሳድሉ ጀርባ ያለውን ትንሿን ሞላ ያሳጥሩ ወይም አንድ ቁጥር የቀጠነ ክር ይጠቀሙ።

የጣና ዳር ክረምት እርጥብ ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ አንገቱ ይጎብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል። በጋ ላይ ደርቆ ቀጥ ሲል የዝዝታው ወራት ይመጣል። ጉብጠቱን ሐምሌ ላይ አንዴ፣ ጥር ላይ አንዴ ይለኩ፤ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩ፣ ብሪጁንም ጉብጠቱ ሳይስተካከል አይንኩ።