የሸራ ጀልባ የካርታ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይታደሳል?

ጀልባዬን የምነዳበት በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ቼሳፒክ ቤይ፣ ሰፊ ነው፤ ጥልቅ ግን አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ ገደማ ነው። የኔ ጀልባ ኪል፣ ማለትም ከሥሯ ውሃ ውስጥ የሚገባው ክንፍ፣ ደግሞ 5 ጫማ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የካርታው ስክሪን ላይ «8» ጫማ የሚል የጥልቀት ቁጥር እያየሁ ጭቃ ላይ ተቀመጥን። ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ጀልባዋ ቀስ አለች፣ ቀስ አለች፣ ቆመች። ሶፍትዌሩ በዚያው ሳምንት የታደሰ ነበር። ካርታው ግን ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በመሃሉ ቦታው ደለል ሞልቶበት ነበር።

ሶፍትዌሩና ካርታው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን አፕዴት ስታደርጉ ሌላው አብሮ አይታደስም። ስለዚህ ምርጫው ከካርታው ይጀምር። የምትሄዱበትን ውሃ ካርታ የሚያወጣው ማነው? በነጻ ነው ወይስ በክፍያ? በአሜሪካ ውሃ ዕድለኞች ነን። ኖዋ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኢኤንሲ የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ ካርታ በነጻ ይሰጣል፤ በየሳምንቱም ያድሰዋል። የራሱን የወረቀት ካርታዎች ማውጣት ስላቆመ ዋናው ካርታ አሁን ይኸው ነው። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን ካርታው ይገዛል።

ነጻ ካርታ ካለ ለጀማሪ የምመክረው ኦፕን ሲፒኤንን ነው። ከ2009 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ስልክ ላይ ደግሞ በዓመት የሚከፈልበት እንደ ናቪዮኒክስ ያለ አፕ ለመጠባበቂያ ያዙ። ላፕቶፑ ባትሪ ሲጨርስ ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ አለ።

መጫኑን ቤታችሁ፣ ዋይፋይ ባለበት ጨርሱት። ሶፍትዌሩን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ከዚያ ካርታ የሚያወርደውን ተጨማሪ ፕሮግራም ክፈቱና የምትሄዱበትን ስቴት ምረጡ። ካርታዎቹ የገቡበትን ፎልደር ለሶፍትዌሩ አሳዩት፤ ሁሉንም አስቀድሞ እንዲያዘጋጅም እዘዙት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ባሕር ላይ ሆናችሁ እንዲያደርገው አትተዉት።

ቀጥሎ የጥልቀት ቅንብሩን ለጀልባችሁ አስተካክሉ። ኪላችሁ 5 ጫማ ከሆነ የደኅንነት ጥልቀቱን፣ ማለትም ከሱ ያነሰውን ውሃ ሶፍትዌሩ አደገኛ ብሎ የሚለይበትን ቁጥር፣ 8 አድርጉት። ጥልቀቱ በሜትር ሳይሆን በጫማ እየታየ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ሁለቱን ማምታታት ጀልባ ያስበላል። ጂፒኤሱን ስትሰኩ ጀልባዋ ስክሪኑ ላይ የታሰረችበት ቦታ ላይ መታየት አለባት።

አሁን ብዙ ሰው ችላ የሚለው ነገር፦ ዙም። በ2014 ኖቬምበር 29 ምሽት፣ ዓለምን በሚዞረው የቮልቮ የሸራ ጀልባ ውድድር ላይ የነበረችው የቬስታስ ቡድን ጀልባ ከሞሪሸስ ሰሜን ምሥራቅ ባለ የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ውሃው ሥር ባለ የዛጎል ድንጋይ፣ ላይ ወጣች። ዘጠኙም መርከበኞች ተረፉ። እነዚህ ዓለም የሚያውቃቸው ባለሙያዎች ናቸው። ኤሌክትሮኒክ ካርታም ነበራቸው። ነገር ግን ካርታው ከሩቅ ሲታይ ሪፉ በአደገኛነቱ ልክ አይታይም ነበር። ሶፍትዌር ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ዝርዝር ነገር ይደብቃል። ስለዚህ መንገዳችሁን ካሰመራችሁ በኋላ ቀርባችሁ ከመነሻ እስከ መድረሻ መስመሩን በጣት ያህል በጣት ያህል ተከተሉት። አሰልቺ ነው። እኔ ግን ይህን ሳላደርግ ገመድ አልፈታም።

እድሳቱን በሁለት ክፈሉት። ካርታውን ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት አድሱ። ሶፍትዌሩን ግን በጉዞ ዋዜማ አትንኩት፤ አዲስ እትም የለመዳችሁትን ቅንብር ሊያናጋው ይችላል። ጀልባዋ ቆማ በምትከርምበት ወቅት፣ መንገዶቻችሁንና ቅንብሩን ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ አድሱት።

አንድ ነገር ግን ካርታው ሲታደስም አይታደስም፤ ያስቀመጣችሁት መንገድ። እሱ መስመር ብቻ ነው። ባልቲሞር ላይ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በ2024 ማርች 26 በመርከብ ተመትቶ ሲወድቅ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ ቀን በፊት የወረደ ካርታ ድልድዩን ዛሬም እንደቆመ ያሳያል። በሥሩ የሚያልፍ የድሮ መንገድ ያላችሁ ሰዎች አዲሱን ካርታ ካወረዳችሁ በኋላ መስመሩን እንደገና ፈትሹት።

ከወደብ ስትወጡ የመጀመሪያውን ቡይ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የመንገድ ምልክት፣ ቁጥር በዓይናችሁ አንብቡ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቡይ ሁለቴ ጠቅ አድርጉት፤ ዝርዝሩ ይወጣል። ቁጥሩና ቦታው ካልገጠመ ፍጥነት ቀንሱ፣ ስክሪኑን ትታችሁ የጥልቀት መለኪያውን እያያችሁ ሂዱ።