ልጅ የሞተበትን ወላጅ ማጽናናት፦ ከለቅሶው ቀን እስከ ሙት ዓመቱ

ለቅሶ መድረስን ሰዋችን ያውቅበታል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ እስከ ሰልስት አብሮ ያድራል። ልጁን የቀበረ ወላጅ ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይታሰብ በሚወረወር ቃል፣ ቀጥሎ ደግሞ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሰው ሁሉ ጭር ሲልበት። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል።

ሲገቡ "እግዜር ያጥናችሁ" ማለት በቂ ነው፤ ሙስሊም ቤት ከሆነ "አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ"። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉ። ከሁሉ የሚያደክመው ጥያቄው ነው። የመጣው ሁሉ "ምን ሆኖ ነው? መቼ ታመመ? የት ወሰዳችሁት?" ይላል፤ ሃምሳ ሰው ከገባ እናቲቱ የልጇን የመጨረሻ ሰዓት ሃምሳ ጊዜ ትተርካለች። "ቶሎ ሐኪም ቤት አልሄዳችሁም?" የሚለው ደግሞ በወላጅ ጆሮ "እናንተ ናችሁ ያስገደላችሁት" ሆኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከዘመድ አንድ ረጋ ያለ ሰው በሩ አካባቢ ይቀመጥና ለሚጠይቅ ሁሉ ባጭሩ ይመልስ። እናቲቱ ራሷ ማውራት ከፈለገች ግን ያው ታሪክ አሥር ጊዜ ቢደጋገምም አያቋርጧት።

"ገና ወጣት ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ"፣ "ሌሎቹን ያኑርልሽ"፣ "ተሰቃይቶ ከሚኖር ይሄ ይሻላል" የሚባሉት ከቅን ልብ የሚወጡ ናቸው። ነገር ግን የሞተው ልጅ በሌላ የሚተካ ያስመስሉታል፣ ለወላጅ ደግሞ አይተካም። "እግዜር የሚወደውን ነው የሚወስደው" የሚለውንም ወላጁ ራሱ ካላነሳው ለንስሐ አባቱ ይተዉት። ይልቅ የልጁን ስም ይጥሩ። "ናቲ ሰላምታው እንዴት ያምር ነበር!" ሲባል እናት ልታለቅስ ትችላለች፤ ያስለቀሳት ግን እርስዎ አይደሉም፣ ዕንባው እዚያው ነበር። ወላጆች አብዝተው የሚፈሩት ልጃቸው መረሳቱን ነው።

ደረቷን ስትመታ ወይም ራሷን ስትጥል እንዳትጎዳ እጇን ይያዙ እንጂ "በቃሽ" አይበሏት። ያላለቀሰችውንም "ምነው ደረቀች" ብሎ መተዛዘብ ነውር ነው፤ ድንጋጤ ዕንባን ለቀናት ያዘገያል። "ትረጋጋ" ተብሎ ከጎረቤት የተገኘ የእንቅልፍ ክኒን ግን ፈጽሞ አይሰጥ።

ምግብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይትረፈረፋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ማንም ትዝ አይለውም። አራት አምስት ጎረቤት ቀን ተከፋፍሎ እስከ አርባው ቢያደርስ ትልቅ እርዳታ ነው። ልጅ የሞተበት ሰው ሙሉ ማዕድ ስለማይወርድለት አጥሚት ወይም ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው ይሂዱ፣ በትንሽ ኩባያ ቀድተውም ያቅርቡ። "የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ" የሚለው ሥራውን መልሶ ለሐዘንተኛዋ ይሰጣል፤ "ነገ ጠዋት ልብስ ላጥብ እመጣለሁ" ቢሏት ይሻላል።

ልብስ ካነሳን፣ የልጁን ልብስ አይጠቡ። እናት እንዳታየው ተብሎ በቀብሩ ቀን አልጋው ይነሳል፣ ጫማው ለነዳያን ይሰጣል፤ ያልታጠበው ሹራብ ላይ ያለው ጠረን ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም። የለበሰውን በንጹሕ ፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ፣ ቀሪውን ወላጆቹ በፈለጉት ጊዜ ይወስኑበት። በዘመድና በመምህራን ስልክ ያሉ ፎቶዎችንና ቪዲዮዎችን ሰብስቦ በፍላሽ መስጠትም ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ቤት ውስጥ የቀሩ ልጆች "ወንድማችሁ ተኝቷል" ወይም "ሩቅ አገር ሄዷል" አይባሉ። አንዱ መተኛት ይፈራል፣ ሌላው በር በሩን ሲያይ ይውላል። "ሞቷል፤ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ በእናንተ ጥፋት አይደለም" ብሎ በግልጽ መንገር ይሻላል።

ጨቅላ ሲሞት ወይም ሞቶ ሲወለድ ለቅሶው ራሱ ይሸሸጋል፤ ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ከሆነማ ብዙ ቦታ ድንኳንም አይተከልም። ሐዘኑ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም አራስነቱ ይደረብበታል። ከወለደች ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ይመጣል፤ ማንም አስቀድሞ ስላልነገራት ትደነግጣለች። ጡቷን በነጠላ አጥብቆ ማሰር ወተቱን ቋጥሮ ሊያሳምማት ይችላል። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ትልበስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ታድርግ፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ትውሰድ። በጣም ሲወጥራት እስኪቀልላት ብቻ በእጇ ትጨመቅ፤ አሟጦ ማለብ ወተቱን ይጨምራል። ጡቷ ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካላት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።

አባትየው ድንኳኑን፣ እድሩን፣ አስከሬን ማውጣቱን ሲያሯሯጥ ይውልና "አንተ ጠንክር፣ እሷን ያዝ" ይባላል። እሱም ልጁን ነው የቀበረው። አንድ ወንድ ጓደኛው ለብቻው ወስዶት "አንተስ?" ብሎ ይጠይቀውና ዝም ብሎ ያዳምጠው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልጁ የሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቀድለታል። ይህ ደግሞ ሰልስት እንኳን በቅጡ የሚያደርስ ስላልሆነ፣ የሥራ ባልደረባ ከዓመት ፈቃዱ እንዲጨመርለት ቢያስጨርስለት ይጠቅማል።

ልጅ ዓረብ አገር ሞቶ አስከሬኑ ባልመጣ ጊዜ ወላጅ መርዶውን ማመን ይቸግረዋል። "ቁርጥሽን እወቂ" ብሎ መጫን አያስፈልግም። የፓስፖርት ኮፒውንና የሥራ ውሉን ፈልጎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ክፍል አብሮ መመላለስ ነው ማጽናናቱ።

አርባና ሙት ዓመት ሰው ያስታውሳል። የሚረሱት ልደቱና መስከረም ላይ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጠዋት ናቸው። እነዚህን ቀናት ስልክዎ ላይ መዝግበው "ዛሬ ናቲ ትዝ አለኝ" ብለው ይላኩ። መልስ ባይመጣም አይቀየሙ።

ወራት አልፈውም ከአልጋ መነሣት፣ መብላት፣ የቀሩትን ልጆች ማየት ካቃታት ሐዘኑ ሕክምና የሚፈልግ ሊሆን ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ምደባ 6 ወርን መለያ ያደርጋል። "እሱ ጋ ልሂድ" የሚል ቃል ከተሰማ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። "ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?" ብለው በቀጥታ ይጠይቁ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም። ብቻዋን አትደር፤ ፀረ ተባይና መድኃኒት ከቤት ይውጡ። ሲነጋ ጤና ጣቢያ፣ አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዷት። ካርድ የሚያወጣና ወረፋ የሚይዝ ሌላ ሰው ይኑር፤ እርስዎ ከጎኗ አይለዩ።