ገመድ ይዞ ከጎንደር ወደ ደባርቅ፦ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወለቃን አልፈው ሽቅቡን ሲይዙ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ኮሶዬ ላይ መሬቱ ድንገት ያልቅና ቆላው ከእግር ሥር ይዘረጋል። እዚያ ቆመው «ይሄን ገደል ብንወጣው» የሚሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እኔም ብያለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ገመድ ጭነን ይህን መንገድ ደጋግመን ሄደንበታል። የምጽፈውም የእኛን ስህተት ሌላው እንዳይደግመው ነው።

ገደሉን በውበቱ መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፎቶ ላይ የሚያምረው ገደል ለጀማሪ አይሆንም።

የሰሜን ተራሮች ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ በላይ በላዩ ተነባብሮ የሠራቸው ናቸው። ድንጋዩ በአብዛኛው ባዛልት ነው። በንብብሩ መካከል ልል ንጣፍ አለ። ክረምት ውሃ ይገባበታል። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ የበጋ ሌሊት ውርጭ ይሰነጥቀዋል። ከሩቅ ብረት የሚመስለው ገደል ቀረብ ሲሉት በእጅ የሚነቀል ሆኖ ይገኛል።

አንድ ቀን ኮሶዬ አካባቢ ገመድ ስንዘረጋ ከብት የሚጠብቁ አዛውንት አይተውን ጠጋ አሉ። «ልጆቼ፣ ምን ልታወርዱ ነው?» አሉን። ልንወጣው እንደሆነ ነገርናቸው። ዝም ብለው በዱላቸው ገደሉ ላይ ነጣ ያለ ቦታ አሳዩን። «ያ ዘንድሮ ክረምት የወረደ ነው። ያኛው ደግሞ አምና። ይሄ ድንጋይ አይታመንም።» «አባቴ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለን ገመዳችንን ጠቅልለን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ከመንካታችን በፊት ሁለት ነገር እናያለን። መጀመሪያ፣ ከሥሩ አዲስ የወደቀ ፍርስራሽ አለ ወይ? ቀጥሎ በጡጫ እንመታዋለን። ደህናው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የላላው እንደ ባዶ እንስራ ይጮሃል። የጮኸውን እንተወዋለን፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

ለጀማሪ የሚሆነው 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ያለ፣ ሥሩ ደልዳላ፣ ጫፉ ላይ ዞሮ በእግር የሚደረስበት ድንጋይ ነው። መሬቱ የማን ግጦሽ እንደሆነ ጠይቁ፣ ባለቤቱንም አስፈቅዱ። እይታውን ግዴለም፣ ስትወርዱ ኮሶዬ ላይ ቡና እየጠጣችሁ ታዩታላችሁ።

ቦልት ይኖራል ብሎ መነሳት

ስፖርት ክላይምቢንግ ማለት ድንጋዩ ላይ ቀድሞ ቦልት (ድንጋይ ተበስቶ የሚገባ የብረት ማያያዣ) የተመታበትን መስመር መውጣት ነው። ሰውየው እየወጣ ገመዱን በየቦልቱ ያያይዛል። ጫፉ ላይ ደግሞ ገመድ የሚያልፍበት ሰንሰለት ወይም ቀለበት አለ። በዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ተሰናድቶ የሚጠብቃችሁ ግድግዳ አለ ብላችሁ አትውጡ። ድሪል ይዛችሁም ራሳችሁ ልትመቱ አትሞክሩ። ሙያ ነው፤ የሰው ሕይወት ይንጠለጠልበታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥማ ያለ ፈቃድ ድንጋይ መብሳት ጭራሽ አይታሰብም።

የመጀመሪያው ጉዟችሁ ከላይ በታሰረ ገመድ ይሁን። የሠለጠነ ሰው በእግሩ ዞሮ ጫፉ ላይ ይወጣል። ገመዱን ቢያንስ በሁለት አስተማማኝ ቦታ ይደግፈዋል። ሁለቱም ጫፎች መሬት ይደርሳሉ፤ አንዱ በሚወጣው ሰው ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ከታች ያለ ጓደኛው ይይዝለታል። የሚወጣው ሰው ቢያዳልጠው ባለበት ይንጠለጠላል እንጂ አይከሰከስም። የሠለጠነ ሰው ካላገኛችሁ ያ ቀን የእግር ጉዞ ይሁን።

ገመዱን መሳብ

ገመድ ይዞ ገደል መውጣት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው በጠፍር ገመድ እየተሳበ ነው። ለዚህም ይሆናል ብዙ ጀማሪ ገመዱን ሲያይ ጨብጦ የሚጎትተው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መውጫው ድንጋዩ ነው፣ ገመዱ ስትወድቁ ለመያዝ ብቻ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው እግር ነው። ክንዱን አጥፎ የሚንጠለጠል ሰው ሦስት ሜትር ሳይሄድ ጣቱ ይዝላል። ክንድ ይዘርጋ፣ ዓይን ወደ እግር ይይ፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል።

በግንቡ መለማመድ

አጭር ነው የምለው፦ አይደረግም። የፋሲል ግንብ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው። የፋሲል መዋኛ አጥርን የዛፉ ሥር እንዴት አንቆ እንደያዘው ያየ ሰው፣ ያ ግንብ ስንቱን እንደቻለ ያውቃል። የእኛ ጫማ አይጨመርበት።

ሁሉን በአንድ ቀን

ጎንደር 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት። ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃ በር 3,200 ያልፋል፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600። ጠዋት ጎንደር ቁርስ በልቶ ከሰዓት ጨነቅ ላይ ገመድ ማሰር ራስ ያዞራል። ደጋ የለመደ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔ የምመክረው በመጀመሪያው ቀን ኮሶዬ አካባቢ ረፋዱን ተለማምዶ ደባርቅ ማደር ነው። በማግስቱ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ቢሮ ከፍሎና ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዞ መግባት። እዚያ ቀኑ የእይታ ይሁን፤ ጭላዳዎቹ ማለዳ ከገደሉ ወደ ሣሩ ሲወጡ ማየት በራሱ ይበቃል። በነገራችን ላይ፣ ጭላዳ ካለበት ገደል ሥር አትቁሙ። ሲንቀሳቀሱ ድንጋይ ይለቁባችኋል።

«እግረ መንገዳችንን ሊማሊሞንም እንየው» የሚል አይጠፋም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱ በዝቅተኛ ማርሽ ተይዞ በእርጋታ የሚወረድ ነው። ራሱን የቻለ ቀን ስጡት።

መንገዱን ሳይጠይቁ መነሳት

ከሁሉ በፊት ሰላሙን አረጋግጡ። በክልላችን ትናንት የተከፈተ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ዋዜማውን ወደ መናኸሪያ ጎራ በሉና ከደባርቅ የገቡ ሾፌሮችን ጠይቁ። «አይ፣ ይቅርባችሁ» ካሉ ይቅርባችሁ። ገደሉ የትም አይሄድም።

ነዳጅ ከጎንደር ሙሉ። ከደባርቅ ወደ ውስጥ ኮረኮንች ነውና ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። ማታ አትንዱ፤ 11 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ድረሱ።

ወቅቱን መርሳት

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ነው፤ ድንጋዩም ያዳልጣል። ከጥቅምት በኋላ ይሻላል። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር አልጋ አይገኝም። የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ ባዶ ሆድ ገመድ ላይ አትውጡ፤ ቀኑን ቀይሩ። ለሌላው ቀን በሶና ቆሎ ያዙ።

መተያየትን መዝለል

አንዲት ጓደኛችን ገመዷን አስራ ለመውጣት እጇን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ ነበር። የስምንት ቁጥር ቋጠሮዋ እንከን አልነበረውም። ገመድ የያዘላት ልጅ ግን ወገቧን ጎንበስ ብሎ አየና «ቆይ፣ ቆይ እህቴ! ይሄ'ኮ የዕቃ ማንጠልጠያው ነው» አላት። እውነትም ወገብና ጭን ከሚይዘው የመውጫ ቀበቶ ጎን ያለችው ቀጭን ቀለበት ላይ ነበር ያሰረችው። ያቺ ቀለበት የሰው ክብደት አትችልም። ፈታችው። በፊት ለፊት ባሉት በሁለቱ ማሰሪያዎች አሳልፋ እንደገና ቋጠረችው።

አሁን ማንም ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጮክ ብለው ይጠራሉ፦ «ቀበቶ? ቋጠሮ? ካራቢነሩ ተቆልፏል? ሄልሜት? የገመዱ ጫፍ ታስሯል?» (ካራቢነር ገመድ የሚያያዝበት የብረት ቀለበት ነው።) እያንዳንዱን በእጃቸው ነክተው «እሺ» እስኪባባሉ ድረስ እግር ከመሬት አይነሳም።