ከዘር በፊት የሚያልቅ ሥራ፦ ለግብርና ሁለተኛ ዲግሪ የመስክ ሙከራን ማቀድ

በግብርና ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚከታተል ሰው ጊዜውን የሚቆጥረው በወራት ብቻ ሳይሆን በምርት ወቅትም ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ተመራማሪ ሙከራው ቢበላሽበት በሚቀጥለው ሳምንት ሊደግመው ይችል ይሆናል፤ በዝናብ በሚለማ ሰብል ላይ የሚሠራ ግን የመዝሪያው ጊዜ ካመለጠው ቀጣዩን ወቅት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። በሁለት ዓመት ትምህርት ደግሞ ለመስክ ሥራ የሚተርፈው ወቅት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ስለዚህ የመዝሪያውን ቀን አስቀድመው ይወስኑና ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የምርምር ዕቅዱ የሚጸድቅበትን፣ ዘሩ ተገኝቶ የመብቀል ብቃቱ የሚፈተሽበትን፣ ማሳው የሚለካበትንና ማዳበሪያ ከመነካቱ በፊት የአፈር ናሙና የሚወሰድበትን ቀን ይመድቡ። ከእነዚህ ውስጥ ተማሪዎች በብዛት የሚረሱት የአፈር ናሙናውን ነው፤ ማዳበሪያ ከተጨመረ በኋላ ግን የማሳውን መነሻ ሁኔታ ማወቅ አይቻልም።

ዕቅዱ በርዕስ ሳይሆን በጥያቄ ይጀምር። «ናይትሮጅን በስንዴ ምርት ላይ ያለው ተጽእኖ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ናይትሮጅንን በሙሉ በመዝሪያ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ስንዴው የጎን ግንዶች በሚያወጣበት ጊዜ መስጠት የፍሬውን ፕሮቲን ይጨምራል ወይ?» የሚለው ግን ምን እንደሚነጻጸር፣ ምን እንደሚለካና ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል በአንድ ጊዜ ይናገራል። ፕሮቲን የሚለካው በቤተ ሙከራ ነውና በጀቱ ከዚያ ይጀምራል። ጥያቄው ቀድሞ ተመልሶ እንደሆነ ለማጣራት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያለ ክፍያ የሚያቀርበው አግሪስ የተባለው የመረጃ ቋት ጥሩ መነሻ ነው።

አማካሪ ሲመርጡ ከዝናው ይልቅ ማሳው ድረስ የሚመጣ መሆኑን ከቀደሙ ተማሪዎቹ ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሙከራው ንድፍ ነው። በእንግሊዝ በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሚገኘው የብሮድባልክ የስንዴ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1843 ተጀምሮ እስከ ዛሬ የቀጠለ ታላቅ ሥራ ቢሆንም፣ ሲጀመር መደቦቹ (ማሳው የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ቁራጮች) በዕጣ አልተመደቡም፤ በበቂም አልተደጋገሙም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ወደዚያ ጣቢያ ገብቶ ዛሬ ሁላችንም የምንመራባቸውን ሦስት መርሆዎች በአንድነት አቋቋመ፤ እነርሱም ድግግሞሽ (አንዱን አማራጭ በብዙ መደቦች ላይ መሞከር)፣ የዕጣ ምደባና ተመሳሳይ መሬትን በብሎክ፣ ማለትም በመደቦች ስብስብ፣ መለየት ናቸው። ማሳው ተዳፋት ከሆነ ብሎኮቹን ተዳፋቱን አቋርጠው ይዘርጉ፤ እንዲህ ሲሆን ከላይ ያለው ስስ አፈርና ከታች ያለው ወፍራም አፈር በተለያዩ ብሎኮች ይወድቃሉ፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ መደቦችም ይቀራረባሉ። ዕጣውን ለእያንዳንዱ ብሎክ እንደገና ያውጡ እንጂ የመጀመሪያውን ቅደም ተከተል አይገልብጡ።

የድግግሞሹን ብዛት በልማድ ሳይሆን በስሌት ይወስኑ። በብሎክ በተከፈለ ሙከራ የስሕተት ነጻነት ዲግሪ (የአጋጣሚ ልዩነትን ለመገመት የሚቀረው የመረጃ መጠን) የሚገኘው ከትሪትመንቶቹ፣ ማለትም ከሚነጻጸሩት አማራጮች፣ ብዛት አንድ፣ ከድግግሞሹም ብዛት አንድ ቀንሶ ሁለቱን በማባዛት ነው። 5 ትሪትመንት በ3 ድግግሞሽ 8፣ በ4 ድግግሞሽ ደግሞ 12 ይሰጣል፤ ብዙ ባለሙያዎች ከ12 በታች እንዳይወርድ ይመክራሉ፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። መሬት ካነሰ ድግግሞሹን ከመቀነስ ይልቅ አስፈላጊ ያልሆነውን ትሪትመንት ማስወጣት ይሻላል። ከአንድ መደብ 10 ተክሎችን መለካትም 10 ድግግሞሽ አያሰኝም፤ የ10ሩ አማካይ የዚያ መደብ አንድ ቁጥር ነው። ይህን አለማስተዋል የብዙ መመረቂያ ጽሑፎችን መደምደሚያ ያፈርሳል። የከብት መኖ ሙከራም በዚሁ መርሕ ይመራል፤ እንስሳቱ በጋራ ገንዳ የሚመገቡ ከሆነ ድግግሞሹ ጋጣው እንጂ እንስሳው አይደለም።

አዝመራ የሚሰበሰበው ከመደቡ መካከል ነው፤ የዳር ረድፎች ከጎረቤት መደብ ማዳበሪያና ተጨማሪ ብርሃን ስለሚያገኙ ለመለኪያ አይሆኑም። የሚሰበሰበው ስፋት 8 ካሬ ሜትር ቢሆንና 2 ኪሎ ግራም ፍሬ ቢገኝ፣ እርጥበቱም 16 በመቶ ቢሆን፣ ወደ መደበኛው 12.5 በመቶ ሲስተካከል 1.92 ኪሎ ግራም፣ በሄክታር ደግሞ 24 ኩንታል ይሆናል። በዚህ ስሌት በሚዛን ላይ የ100 ግራም ስሕተት በሄክታር 125 ኪሎ ግራም ስለሚሆን፣ ሚዛኑንና የእርጥበት መለኪያውን ከአዝመራ በፊት ማስፈተሽ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

የመተንተኛው ዘዴም ከዘር በፊት በዕቅዱ ውስጥ ይጻፍ። ትሪትመንቶቹ የተለያዩ የዘር ዓይነቶች ከሆኑ አማካዮችን ማነጻጸር ተገቢ ነው፤ የማዳበሪያ መጠኖች፣ ለምሳሌ በሄክታር 0፣ 46፣ 92 እና 138 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከሆኑ ግን ምርቱ ከመጠኑ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በሪግሬሽን መስመር ማሳየት ይበልጥ ትርጉም ይሰጣል። አር የተባለው ነጻ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ለሁለቱም ይበቃል፤ ሰብሉ ማሳ ላይ እያለ በግምት ቁጥሮች ይለማመዱበት።

የመስክ መዝገቡን በእርሳስ ይጻፉ፤ በዚያው ቀን ፎቶ አንሥተው ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። የተዘራበትን፣ የበቀለበትን፣ የታረመበትንና ያበበበትን ቀን ከዕለቱ ዝናብ ጋር ይመዝግቡ። አንድ መደብ በጎርፍ ወይም በተባይ ቢጠፋ የጠፋበትን ምክንያትና ቀን ጽፈው ቦታውን ባዶ ይተዉት፤ ከጎረቤት መደቦች ገምተው አይሙሉ፤ ትንተናው በጎደለ መረጃም ሊሠራ ይችላል። ሰብሉ እስኪደርስ ባሉት ሳምንታት የጥናቱን ዘዴ የሚገልጸውን ምዕራፍ ጽፈው ለአማካሪዎ ይስጡ፤ የጎደለ ልኬት ቢገኝ ከአጨዳ በፊት ለመሙላት የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው።